በአረጋዊ ቀን የጮኸው ወፍጮ

አባቴ ባሕር ተሻግሮ የመጣ የመናዊ ነበር፤ እናቴ የወሎ ሴት። ደሴ ተወለድኩ፤ አፌን በአማርኛ ፈታሁ፤ ከጎረቤት ክርስቲያን ልጆች ጋር ሆያ ሆዬ እያልኩ አደግሁ። መንግሥት ፊት ስቀርብ ግን የአባቴ አገር ሰው ነኝ፤ የውጭ ዜጋ። ደሴ ላይ «ያ ዐረቡ» ይሉኛል፤ መቀሌ ስገባ ደግሞ «ያ አምሐራው ዐረብ» አሉኝ። ምን ቸገረኝ? ለሁለቱም «አቤት» እያልኩ ኖርኩ። ገበያ መሐል ቆሞ ስሙን ሲያስተካክል የሚውል ነጋዴ ዕቃው አይሸጥለትም።

መቀሌ የዘለቅሁት ጣልያን ከወጣ በኋላ ነው። ጎረምሳ ነበርኩ፤ ጢሜ በወጉ አልሞላም፤ ልቤ ግን ሞልቶ ይፈስስ ነበር። እንዳ ኢየሱስ ኮረብታ ላይ ያለው ምሽግ ባዶውን ቀርቷል። ከተማው ግን አልሳሳም፤ ጭራሽ ሰው ይጎርፍበታል። ከመሐል አገር ጸሐፊና አስተማሪ ይላካል፤ ከወሎ የኔው ወገኖች ለሸክም ሥራ ይመጣሉ፤ ጨው ጭነው ከቆላ የሚወጡት ግመሎች ገበያውን ያጣብቡታል። ይህ ሁሉ ሰው ይበላል። የሚበላው ዱቄት ደግሞ ከየጓሮው፣ ከሴቶች ጉልበትና ትከሻ ነው የሚወጣው። ጎህ ሳይቀድ ከየቤቱ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ሲንሸራተት እሰማለሁ፤ ከሥሩ የሴት እንጉርጉሮ። ሌላ ሰው ይህን ሰምቶ ያዝን ይሆናል። እኔ ነጋዴ ነኝ፤ «እዚህ ከተማ የጎደለው ሞተር ነው» አልኩ።

ሞተሩ ከመቀሌ ወጣ ብላ ባለችው በቁሓ ተገኘ። ጓዙን ሸክፎ ወደ አገሩ ለመሄድ የሚጣደፍ አንድ ጣልያን ነበር፤ ውሃ ይስብበት የነበረውን የናፍጣ ሞተር ሸጠልኝ። ያለኝን ሁሉ፣ የእናቴን የብር አምባር ጭምር፣ እዚያ ላይ አፈሰስኩ። ችግሩ ማምጣቱ ነው። መኪና የሚያከራየኝ ስላጣሁ ግንድ ላይ ጠፍሬ አስሬ በበሬ አስጎተትኩት። መንገድ ዳር የቆመው ሁሉ ሳቀብኝ። አንድ ሽማግሌ በትግርኛ «ማን ሞቶ ነው? ምንድን ነው የምትቀብሩት?» ብለው ጠየቁ። «የሴቶችን ድካም!» አልኳቸው። ትግርኛዬ ያኔ ስብርብር ያለ ነበር፤ ግን ገባቸውና እስኪያስላቸው ሳቁ።

ባዕድ ርስት አይገዛም። ቤት ልሥራ ቢል መሬት የለው፤ ሸንጎ ፊት ልናገር ቢል ዋስ ይፈልጋል። ለኔ ሁለቱንም የሆኑልኝ አንዲት ባላቸው የሞተባቸው እናት ናቸው። «አደይ» እላቸው ነበር፤ በነሱ ቋንቋ እናቴ ማለት ነው። ግቢያቸውን አከራዩኝ፤ ሹሙ ዘንድም ቀርበው «ለዚህ ልጅ ዋሱ እኔ ነኝ» አሉልኝ። ለምን እንደሆነ ስጠይቃቸው ነጠላቸውን ገለጥ አድርገው ቀኝ ትከሻቸውን አሳዩኝ፤ ወደ ፊት ተጣሞ ቀርቷል።

«መጅ ነው እንዲህ ያደረገኝ» አሉ። መጅ የሚሉት ሴት በእጇ ይዛ የምትፈጭበትን የላይኛውን ድንጋይ ነው። «ልጄ እንደኔ እንድትጣመም አልፈልግም። ግን ወደይ፣ የኔ ልጅ፣ ጅብ የማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ አሉ። አንተም እዚህ መጥተህ ዐዋቂ ነኝ አትበልብኝ፤ ጠይቅ።»

«አብሽሩ፣ አደይ!» አልኳቸው። ዐዋቂ ስለመሆኔ ግን ቅንጣት አልተጠራጠርኩም።

ሞተሩን ቺንጋ በሚሉት የጎማ ቀበቶ ከወፍጮ ድንጋይ ጋር አገናኝቼ ተከልኩት። መጀመሪያ ሰሞን ሴቶቹ ከአጥር ማዶ ቆመው ያያሉ እንጂ አይገቡም። የእጅ ወፍጮ ዱቄት ቀዝቃዛ ነው፤ የኔው ትኩስ ሆኖ ይወጣል። «ይህ ዱቄት ታሟል፤ ትኩሳት ይዞታል» አሉ። ይህን ጊዜ አደይ መጥተው እጃቸውን ጆንያው ውስጥ እስከ ክርናቸው ነከሩና «ውይ ደስ ሲል! ለሪህ መድኃኒት ነው እኮ!» ብለው ጮኹ። በማግስቱ ሪህ ያለባትም የሌለባትም መጣች። ብዙም ሳይቆይ ግቢው ጠዋት ጠዋት የሚያስገባ አልሆነም። ወረፋ ላይ ይጣላሉ፣ ወረፋ ላይ ይታረቃሉ፣ እዚያው ልጆቻቸውን ይዳዳራሉ። እኔ ከላይ እስከ ታች ዱቄት ለብሼ ቺንጋውን እያጠበቅሁ እንደ ሙሽራ ደስ ብሎኝ እውላለሁ።

በዓሉንም አከብር ነበር። ዓርብ ቀትር ለራሴ ሶላት እዘጋለሁ፤ ቅዳሜና እሑድ ለነሱ ስል፤ ሚካኤል፣ ማርያም፣ መድኃኔ ዓለም ሲሆን ሞተሩ ዝም ይላል። አደይ «ሞተርህ ካንተ የበለጠ ሃይማኖተኛ ሆነ» እያሉ ይቀልዱብኛል። ከክርስቲያን ጋር ነዋ ያደግሁት! የቱ ቀን እንደሚከበር የቱ እንደማይከበር ደሴ ላይ በልጅነቴ ጨርሼ የመጣሁ ነበር የሚመስለኝ።

የተሸወድኩት እዚህ ላይ ነው። እኛ የደሴ ሰፈር ሰው ልብ ሳይለው የሚያልፈው የአቡነ አረጋዊ ቀን እዚህ ትልቅ ነው። ወደ ቁሓ በኩል ያሉት ገበሬዎች ወር በመጣ ቁጥር በዚያ ቀን ሞፈር አይነኩም፤ ሴቶቻቸው መጅ አያነሡም። በአረጋዊ ቀን ወፍጮ ከተሰማ ሰማይ ይቆጣል፣ በረዶ ወርዶ አዝመራውን ይመታል ይላሉ። በዚያ ቀን ደንበኛ እንደማይመጣ አይቻለሁ፤ የሚመጣ ስለሌለ ሞተሩም አይነሣም ነበር። ገበያው ቀዝቅዞ ነው ብዬ ዝም አልኩ እንጂ ለምን ብዬ አልጠየቅሁም። የቱ ዐዋቂ ነው የሚጠይቀው!

ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ ገብሱ ፍሬ ይዞ መንጣት በጀመረበት ሰሞን፣ በዚያው በአረጋዊ ቀን የወሎ ሸካሞች ማሽላቸውን ተሸክመው ከች አሉ። የኔው ቋንቋ፣ የኔው ወገን። «አንተ ወንድማችን፣ ምን ተኝተሃል? አስነሣልን እንጂ!» አሉኝ። አደይ ቤተ ክርስቲያን ሄደዋል። አስነሣሁት። ከተማው ጭር ብሎ ስለነበር ዱም ዱም የሚለው ድምፅ ከወትሮው ይልቅ ርቆ ሄደ። እኔማ እንዲያውም ደስ አለኝ፤ እሰይ፣ በነጻ ወሬዬ ተነዛልኝ አልኩ።

ከቀትር በኋላ ሰማዩ ጠቆረ። ከዚያ ባቄላ የሚያህል በረዶ ቆርቆሮው ላይ ሲዘንብ የሞተሩ ድምፅ እንኳ አልሰማ አለን። ከተማው ብዙም አልተጎዳም። ወደ ቁሓ በኩል ያለውን ገብስ ግን ከመሬት ለጥፎት ሄደ። አደይ ነጠላቸው ርሶ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ሸካሞቹ የመጨረሻውን ጆንያ እያሰሩ ነበር። ሞተሩን አዩ፤ እኔን አዩ። «ምን ሆነህ ነው? ምነው በጠየቅኸኝ!» ብለው ራሳቸውን ያዙ። የአረጋዊን ቀን ነገር ያኔ ነገሩኝ።

ብዙም ሳይቆይ ተከሰስኩ። ሸንጎው በአንድ ዋርካ ሥር ተሰየመ። ከሳሼ በቁሓ በኩል የሚያርስ ገበሬ ነው፤ ረጅም፣ ደረቅ ያለ፣ ነጠላውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ዱላውን እየወዘወዘ የሚሟገት። የትግራይ ገበሬ ሲሟገት አላያችሁ እንደሆነ ምንም አላያችሁም። ክሱ አጭር ነበር፤ «ይህ ባዕድ በአረጋዊ ቀን ወፍጮ አስጮኸ፤ ገብሴን በረዶ መታው። ወይ ካሣዬን ይስጠኝ፤ ወይ ሞተሩን ነቅሎ ከአገራችን ይውጣ» አለ።

ካሣ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ወዲያው ገባኝ። ለአንዱ ከከፈልኩ በረዶ የመታው ገበሬ ሁሉ ነገ ይሰለፋል። ሞተሩን ሸጬ፣ ልብሴን ሸጬ አልጨርሰውም። ያም ሆነ ይህ መቀሌን ልነቀል ነው። ያን ጊዜ መቀሌን ምን ያህል እንደምወዳት የታወቀኝ ገና ዋርካው ሥር ቆሜ ነው።

አደይ ከኋላዬ ቆመዋል፤ እኔ ተነሣሁ። «አባቶቼ፣ በዓሉ የናንተ ነው፤ ባውቅ አከብረው ነበር። ግን ፈጪው እስላም፣ አስፈጪው እስላም፣ ማሽላው የእስላም። ሞተሩም ቢሆን ክርስትና አልተነሣ! ታዲያ የትኛችን ነን በዓል የሻርነው?» አልኩ። ሽማግሌዎቹ ጢማቸውን እየያዙ ፈገግ አሉ። ረታሁ ብዬ ነበር።

ገበሬው አልተነቃነቀም። «የሰማው ጆሮ ግን ክርስቲያን ነው!» አለ። «እኔ በሬዬን ፈትቼ፣ ሚስቴ መጇን አስቀምጣ በተቀመጥንበት ቀን ያንተ ዱም ዱም ቤታችን ድረስ ገባ። ሰማይስ ይህ የእስላም ነው፣ ያ የክርስቲያን ነው ብሎ ድምፅ ይለያል?» እውነቱን ለመናገር ጥሩ አድርጎ መለሰ። ከሳሼ ባይሆን ኖሮ አጨበጭብለት ነበር።

ሽማግሌዎቹ ለብቻቸው ወጣ ብለው መከሩና ተመለሱ። አንደኛው ቃላቸውን አሰሙ። «በረዶን ማን እንዳዘዘው አናውቅም፤ ምስክር አይቆጠርበትም። ስለዚህ ካሣም አልፈረድን፤ ውጣም አላልን። ከእንግዲህ በአረጋዊ ቀን ሞተሩን እንዳያስነሣ ይማል። ነገር ግን ይህ ሰው አንድ ቀን በአፉ ‹በድያለሁ› ካለ፣ ወይም በእጁ ለከሳሹ ካሣ የሚመስል ነገር ከሰጠ፣ ያኔ ራሱ በራሱ ላይ ፈርዷል፤ ለሁሉም ይከፍላል።» እኔም እንዳላስነሣ ማልኩ፤ እሱን በደስታ ነው የማልኩት።

ወደ ቤት ስንመለስ አደይ ክንዴን ጨብጠው ያዙኝ። «ገባህ አይደል? ለዚያ ሰውዬ ሲያስነጥስ እንኳ ይማርህ እንዳትለው። ወፍጮ ቤትህ ቢመጣ፣ ከሌላው ከቁና አንድ ጣሳ እህል ማስፈጫ ትወስድ የለም? ከሱም ትወስዳለህ። ማስፈጫውን ከማርኸው ካሣ ነው፤ አለቀልህ።»

«ደግሞ እሱ የኔ ወፍጮ ቤት ሊመጣ?» ብዬ ሳቅሁ።

ሳቄ ግን ዕድሜ አልነበረውም። ነገሩ ተንጠልጥሎ ሳለ ሴቶቹ ቀሩ። በዚያ ወፍጮ ያስፈጨች እርግማኑ ይተርፋታል ተባለ። ጠዋት ጠዋት ሞተሩን ዘይት እቀባለሁ፤ የወፍጮውን ድንጋይ እወቅራለሁ፤ በሩ ላይ ቆሜ መንገዱን አያለሁ። ከየጓሮው የእጅ ወፍጮው እንጉርጉሮ ተመልሶ ይሰማኛል። ያን ሰሞን አንድ የመናዊ ባለሱቅ፣ የአባቴ አገር ሰው፣ ሊመክረኝ መጣ።

«ምን ትጨነቃለህ?» አለኝ። «ዝም ብለህ ለሁሉም በነጻ ፍጭላቸው፤ ለዚያም ገበሬ ጆንያ እህል ላክለት። እኔ እዚህ አገር ተከብሬ የኖርኩት ለሹሙ ስኳር፣ ለቄሱ ሻማ እያቀበልኩ ነው። ባዕድ በእጁ ካልሰጠ ማን ይወደዋል?»

ክፉ ሰው አልነበረም፤ ለኔ አዝኖ ነው። ግን ደሜ ፈላ። «ታዲያ አንተ እዚህ የምትኖረው እንደ ነጋዴ ነው እንደ እስረኛ?» አልኩት። ተቀይሞኝ ሄደ። እሱ ከሄደ በኋላ ግን ተቀምጬ ሳስበው፣ ምናልባት እውነቱን ይሆን እንዴ እያልኩ ራሴን ስከራከር ዋልኩ።

መስቀል አልፎ፣ ከተመታው አዝመራ የተረፈው ሲታጨድና ሲወቃ፣ አንድ ማለዳ ደጄ ላይ አህያ ቆመ። ቀና ስል ያ ገበሬ ነው። ከኋላው ሚስቱ ስልቻውን ደግፋ ቆማለች። ወሬው እንዴት እንደበረረ እንጃ፣ ወዲያው ሴቶቹ አጥሩን ከበቡት። ከመንገዱ ማዶ ካለው ካብ ላይ ደግሞ ከሸንጎው ሽማግሌዎች ሁለቱ ፀሐይ እንደሚሞቁ ሆነው ተቀምጠዋል። ሌላ ካብ የጠፋ ይመስል! አደይ ከቤታቸው ደጃፍ ላይ ሆነው ዓይናቸውን ከኔ አልነቀሉም።

ገበሬው ሁሉም እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አድርጎ «ያስመታኸውን ገብስ አምጥቼልሃለሁ። የጀመርከውን ጨርስ!» አለ።

እሺ ካልኩ አመንኩ ማለት ነው። «እኔ የጀመርኩት ነገር የለም፣ ሓወይ፣ ወንድሜ። የሚፈጭ ካለህ አራግፍ» አልኩት።

ሚስቱ ጣልቃ ገባች። «እሱ ምን ያመጣል፤ እኔ ነኝ ያመጣሁት!» አለች። «ይህ ገብስ ክስት ብሏል፤ ከመጁ ሥር እየተንሸራተተ ወገቤን ፈጀው። ወይ ወፍጮ ቤት ውሰደው፤ ወይ አንተው ተንበርክከህ ፍጭ አልኩት።» ከአጥሩ ማዶ ሴቶቹ አውካኩ። ገበሬው ስልቻውን ከአህያው አወረደ።

ስልቻውን ፈትቼ እጄን ከተትኩ። ያ አላህ! ፍሬው ቀጭጮ ግማሹ ጠቁሯል። የአንድ ቤት ሰው ዓመቱን ይቀለብበታል የተባለው ይኸው ነው። ወላሂ፣ በዚያች ቅጽበት በረዶውን በእጄ የበተንኩት እኔ መሰለኝ። እየሰፈርኩ ወደ ቁና ገለበጥኩት፤ ማስፈጫ የሚወሰደው ከመፈጨቱ በፊት ነውና ጣሳውን አነሣሁ። እጄ አየር ላይ ቀረ።

ብምረው የሰው ወግ ነው፤ እናቴም እንደዚያ ነው ያሳደገችኝ። ብምረው ደግሞ ካብ ላይ ያሉት ሁለቱ ያዩኛል፤ ከነገ ጀምሮ መቀሌ የለም። ባለሱቁ ቢሆን ይምረው ነበር፤ ለሚስትየዋም አንድ ኪሎ ስኳር ይጨምርላት ነበር። ቀና ብዬ ሰውዬውን አየሁት። ዓይኑን አልሰበረም። ምጽዋት የሚጠብቅ ሰው ዓይን አልነበረም፤ ዋርካው ሥር ቆሞ ሲሟገተኝ የነበረው ያው ዓይን ነው። ለእንዲህ ያለው ሰው ማስፈጫውን መተው መድፈር መሰለኝ።

ጣሳውን ገብሱ ውስጥ ሰድጄ ሞላሁ። ከሌላው ላይ እንደምወስደው ሁሉ አፉ ላይ ጠርጌ፣ አላበዛሁም አላሳነስኩም፣ የራሴ ጆንያ ውስጥ ገለበጥኩት። ሲፈስ ድምፁ ተሰማ።

ገበሬው ያ ደረቅ ፊቱ ተፈታና ሳቀ፤ ጥርሱን ሳየው ያ የመጀመሪያዬ ነው። ወደ ካቡ ዞሮ «አያችሁ አይደል? ወሰደ!» ብሎ ጮኸ። ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ አንደኛው ዱላቸውን ይዘው ተነሡ። ነገሩ ማለቁን ያኔ ዐወቅሁ።

«ብትምረኝ ኖሮ ዛሬውኑ ሞተርህን አስነቅልህ ነበር» አለኝ።

«እወ፣ ዐውቃለሁ» አልኩት።

ጠጋ አለና፣ አሁን ለኔ ብቻ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ተናገረኝ። «ባዕድ ይፈራኛል፤ ፈርቶ በነጻ ይፈጭልኛል። ከዚህ ከተመታ ገብሴ ላይ ዓይን ዓይኔን እያየ ማስፈጫውን የሚወስድብኝ ያገሬ ሰው ብቻ ነው።»

እኔ አፈኛው፣ ሸንጎ ፊት እንኳ ምላሴ ያልታሰረው ሰውዬ፣ እንደ ሕፃን ልንሰቀሰቅ ነበር። ዞር ብዬ የሞተሩን እጀታ ያዝኩና ባለ በሌለ ጉልበቴ አሽከረከርኩት። ተነሣ። የቀጨጨው ገብስ መፍሰስ ሲጀምር ሴቶቹ ከአጥሩ ተላቅቀው ወደየቤታቸው ሮጡ። የገበሬው ስልቻ ተፈጭቶ ሳያልቅ ጆንያ የተሸከሙት በሩን አጣበቡት፤ እኔ ልቅደም፣ እኔ ልቅደም እያሉ ሲገፋፉ እኔ ዓይኔን በዱቄታም ክንዴ እየጠረግሁ «በተራ! እባካችሁ በተራ!» እያልኩ እጮህ ነበር።